ካርቲየ ሦስት የቆመው ጋቢና

ባለፈው ሳምንት ፍራሽ ልገዛ ገበያ ወጥቼ ነበር። ሻጩ አዲሱን ስፖንጅ ከላስቲኩ ሲያወጣው ሽታው በዚያ ሙቀት ውስጥ ብድግ ብሎ ያዘኝ፤ እዚያው ደርቄ ቀረሁ። ሰውየው "ማዳም፣ ይኼኛው ይሻልሻል" እያለ ይገለባብጣል። እኔ ግን ስምንት ዓመቴ ነው፤ ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ ሦስት የሚባለው ሰፈር፣ ጋሽ መንገሻ በሠሩት ጋቢና ውስጥ ተቀምጬ ላቤን እየጠረግሁ ነው። የሞቀ ስፖንጅ ሽታ ለሌላው ሰው የአዲስ ዕቃ ሽታ ነው። እኔን እናቴን ያስታውሰኛል ብል ዋጋ ለማስቀነስ የማወራ ይመስለዋል ብዬ ዝም አልኩ። ሳልከራከር ከፍዬ ወጣሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር ከእኔ ታይቶ አያውቅም።

ጋሽ መንገሻ ዘመዴ አልነበሩም። ዕድሜያቸውን ሙሉ በአዲስ አበባና በጅቡቲ መካከል ተሳቢ ሲነዱ የኖሩ የደሴ ሰው ናቸው። እናቴንም ገና ልጃገረድ ሳለች በመኪናቸው ወደዚህ ያመጧት እሳቸው ናቸው። ዓይናቸውን ሞራ ሲጋርደው መሪውን ለሌላ ለቀው፣ "የመኪና ድምፅ ካልሰማሁ እንቅልፍ አይወስደኝም" ብለው ካርቲየ ሦስት አንዲት ክፍል ይዘው ቀሩ። እናቴ ራስ ዲካ በሚባል ሰፈር አንዲት ፈረንሳዊት ማዳም ቤት አዳሪ ሠራተኛ ነበረች። ማዳም ልጅ ይዞ መግባት አትፈቅድም። ስለዚህ እኔ ከጋሼ ጋር እኖራለሁ፤ እናቴን የማገኛት በጅቡቲ የዕረፍት ቀን፣ ዓርብ ዓርብ ነው። ከቀትር በኋላ በረኪና በረኪና እየሸተተች ትመጣለች፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ትመለሳለች። አባቴን አትጠይቁኝ፤ እኔም ያን ጊዜ አልጠየቅሁም።

ስልክ እንደ ዛሬው በየኪሱ አልነበረም። በየቤቱ ተቀጥረው የሚሠሩ ያገራችን ሴቶች ለቤተሰባቸው የሚልኩት ደብዳቤ ካሴት ነበር። ዓርብ ሲለቀቁ ጋሼ ክፍል ይመጣሉ። ጋሼ በድንጋይ የሚሠራ አሮጌ ቴፕ አላቸው። ቀዩን ቁልፍ ይጫኑና ያወራሉ፤ እሑድ ወደ ላይ የሚወጣ ሾፌር ካሴቱን ተቀብሎ ደሴም ይሁን ኮምቦልቻ ያደርሳል። ሕጉ አንድ ነበር፤ ካሴቱን ከተላከለት ሰው በቀር ማንም አይሰማውም። ሾፌሮቹ ያን ሁሉ በረሃ ከጎናቸው አስቀምጠውት ሲሄዱ፣ የራሳቸው ዘፈን ተደጋግሞ ቢያንገሸግሻቸው እንኳን አይነኩትም። "የሰው ካሴት የከፈተ፣ የሰው ጓዳ የገባ ነው" ይላሉ ጋሼ፤ እኔንም በዚህ ጉዳይ ብቻ ነበር ጆሮዬን የሚቆነጥጡኝ።

ችግሩ ካሴቱ አልነበረም፤ ግድግዳው ነበር። ክፍላችን ጣውላና ቆርቆሮ ናት። በጎናችን ሐዋ የምትባል ሶማሌ ጎረቤታችን ከአራት ፍየሎቿ ጋር ትኖራለች። ከኋላችን ጀነሬተር አለ። ግቢው ውስጥ ማንም ቢያስነጥስ ከየክፍሉ "ይማርሽ" የሚል አይጠፋም። አንድ ዓርብ ጋቦዴ ሰፈር የምትሠራ የሺ የምትባል ልጅ መጥታ፣ ለእናቷ "ያጫችሁልኝን ሰው አላገባም" እያለች አልቅሳ ቀዳች። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ካሴቱ ገና ክፍላችን ውስጥ ተቀምጦ ሳለ፣ ውኃ መቅጃው ላይ ሴቱ ሁሉ የየሺን እጮኛ እያነሣ ይጥል ጀመር። በሚቀጥለው ዓርብ የሺ ስትመጣ ራሷ ሰማችው። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ እንደመጣች ተመለሰች፤ ከዚያ በኋላ ደጃችንን አልረገጠችም፤ ሌሎቹም አንድ በአንድ ቀሩ። እናቷ በመልሱ ካሴት ላይ የጠየቀቻት ሌላው ነገር ደግሞ "የፈረንጅ ቤት ነው የምኖረው ብለሽኝ የለ፣ ታዲያ ፍየሉ የማን ነው?" የሚል እንደነበር ቆይቶ ተወራ።

ጋሼ ያን ዕለት ምሳ አልበሉም። "እኔ ቤት ገብቶ ሆዱን የተነፈሰ ሰው አደባባይ አይወጣም" አሉ። "ጋቢና እሠራለሁ።"

ሾፌር ናቸውና፣ ሰው ዘግቶ የሚቀመጥበት ጠባብ ቦታ ሁሉ ለእሳቸው ጋቢና ነው።

የሐምሲን ነፋስ ከተማውን የሚጠብስበት ወቅት ነበር። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ ስለዚህ እኔ ሠራተኛ ሆንኩ። በመጀመሪያ አንድ ወጣት ሾፌር፣ አዲስ አበባ ዘፈን የሚቀዳባቸው ቤቶች ግድግዳቸው ላይ የእንቁላል ካርቶን ይለጥፋሉ ብሎ ለጋሼ ነገራቸው። ከቡቲክ ቡቲክ እየዞርኩ ካርቶን ለመንኩ። በዱቄት ሙጫ እየቀባን የክፍሉን አንድ ጥግ ከላይ እስከ ታች ለበጥነው። አምሮ ነበር፤ እኔ እንዲያውም ቤተ መንግሥት የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ጋሼ ውስጥ አስገብተውኝ ከደጅ "ትርሲት፣ ሰማሽኝ?" አሉ።

"ሰማሁ።"

"ምን አልኩ?"

"ትርሲት ሰማሽኝ አሉ።"

በማግሥቱ ከውኃ ስንመለስ ደግሞ የሐዋ ትልቋ ፍየል ገብታ ግማሹን ግድግዳ በልታዋለች። ዱቄት የተቀባ ካርቶን ለጅቡቲ ፍየል ሰርግ ነው። ሐዋ ይቅርታ የምትጠይቅ መስሎን ስንጠብቅ በተሰባበረ አማርኛዋ፣ "መንገሻ፣ ፍየል ሆዷ ታሞ ከሆነ አንተ ሐኪም ትወስዳለህ" ብላ ፍየሏን እየጎተተች ሄደች።

ጋሼ ሁለት ቀን አሰቡ። በሦስተኛው ቀን አጠገባቸው አስቀመጡኝና፣ "መኪና ውስጥ ሞተሩ እግርሽ ሥር እየጮኸ ከረዳትሽ ጋር የምታወሪው ለምን ይመስልሻል?" አሉኝ። ረዳት የለኝም አልኳቸው። "በሩ ከባድ ስለሆነ ነው፤ ዳር ዳሩን ጎማ ስላለው ነው። ድምፅ እንደ ውኃ ነው። ቀላሉን ይገፋዋል፤ ቀዳዳ ካገኘ ይገባል። ካርቶን ምን ክብደት አለው?"

ከወደብ የተጣለ የዕቃ መደርደሪያ እንጨት አስመጥተው ሁለት ግድግዳ አቆሙ፤ አንዱ ከአንዱ በስንዝር ተራርቆ እንዳይነካካ አድርገው። በመጀመሪያው ግድግዳ ላይ አሸዋ የሞላ ጆንያ ደረደሩ። አሸዋውን ከባሕሩ ዳር በወተት ጣሳ ያመላለስኩት እኔ ነኝ፤ አንገቴ እስከ ዛሬ አጭር የሆነው በዚያ ነው ብዬ ሰው አስቃለሁ። በውስጥ በኩል ከአሮጌ መኪና ወንበር የተፈለጠ ስፖንጅ፣ በላዩ ብርድ ልብስ፣ ከውጭ የተሳቢ ሸራ። ገመዱን ጭነት እንደሚያስሩ አድርገው አሰሩት፤ ያን ቋጠሮ ከእሳቸው በቀር የሚፈታው የለም። በሩን ዙሪያውን በከመነዳሪ፣ በጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ ከፈፉት። ለመቀመጫ የእውነት የመኪና ወንበር፣ የሾፌሩን፣ ከነመደገፊያው አስገቡበት።

ዓይናቸው ስለደከመ ሁሉን የሚሠሩት በመዳሰስ ነበር። ዓይናቸው እኔ ነኝ። ውስጥ አስገብተው ይዘጉብኝና፣ "ብርሃን የሚገባበት የት ነው? ብርሃን ካለፈ ድምፅም ያልፋል" ይላሉ። እኔ በዚያ ጨለማ መርፌ የምታህል ብርሃን እየፈለግሁ በጣቴ እወጋለሁ፤ እሳቸው ከውጭ ጣቴን በእጃቸው አግኝተው ጨርቅ ይጠቀጥቁበታል። ጨለማው ሲሞላ ሥራው አለቀ።

ለፈተናው ሐዋን ጠሩና "ውጪ ሆነሽ ያሻሽን ጩኺ" አሏት። በሶማሊኛ ምን ብላ እንደሰደበቻቸው እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ግቢው ግን እየተያየ ይስቅ ነበር አሉ። እኔ ከውስጥ የሰማሁት ትንኝ የምታህል ነገር ብቻ ነው። ጋሼ ደስታቸው ወሰን አጣ። ለመጣው ሁሉ ሸራውን መታ መታ እያደረጉ፣ "እዚህ የገባ ድምፅ አይወጣም" ይላሉ።

ሴቶቹ ተመለሱ። ዓርብ ዓርብ በተራ ይገባሉ፤ ሲወጡ ውኃ የተደፋባቸው ይመስላሉ። ማራገቢያ ቫንቲላተር ቢገባ ያንሾካሽካል፣ ስለዚህ አይገባም። አንዷ "ለካ ጥሩ ነው፤ ላቡና እንባው አይለይም" ስትል ሰምቻለሁ። እኔ በሩ አጠገብ ጣሳ ላይ ቁጭ ብዬ ለወጣችው ሁሉ ውኃ አቀብላለሁ።

እኔ ግን ጋሼ ያሉትን እንዳሉት ነበር የወሰድኩት። ድምፅ ከዚያ ካልወጣ፣ እዚያው አለ ማለት ነው። የእነዚያ ሁሉ ሴቶች ወሬ፣ ልቅሶና ሰላምታ ጋቢናው ውስጥ እንደ አሸዋ ተደራርቦ የተቀመጠ ይመስለኝ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ከታች፣ የኋለኞቹ ከላይ። ማታ ማታ ያ ሁሉ ሰው አጠገቤ ያለ እየመሰለኝ ወደ ሸራው ጀርባዬን ሰጥቼ አልተኛም ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ሁሉም የሚያውቀው ነገር መስሎኝ።

ከዚያ ያ ዓርብ መጣ። እናቴ ከደረሰች በኋላ ከጋሼ ጋር ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለው ሲያወሩ፣ እኔ ከበሩ ኋላ ነበርኩ።

"አስናቀች፣ ዓይኔ እየባሰበት ነው" አሉ ጋሼ። "ትናንት መንገድ ስትሻገር መኪና መጣ፤ እኔ ያወቅሁት ሰው ሲጮህ ነው። ልጅቷን አንድ ነገር ቢያገኛት ምን እልሻለሁ? ደሴ እናትሽ ዘንድ ብትሄድ ይሻላል።"

"እርስዎ ካሉ ምን አደርጋለሁ" አለች እናቴ። "ዛሬውኑ ለእናቴ ልጠይቃት። እሺ ካለች ከሾፌር ጋር እልካታለሁ።"

አያቴን አላውቃትም። ደሴን አላውቃትም፤ ብርድ ያለበት አገር ነው ሲባል ሰምቻለሁ፤ ብርድ ምን እንደሆነ ግን አላውቅም። የማውቀው ዓርብን ነው። ደሴ ዓርብ የለም።

እናቴ ካሴቷን ይዛ ጋቢና ገባች። ከወትሮው ይልቅ ቆየች። ጆሮዬን ሸራው ላይ ለጠፍኩ፤ ምንም የለም። ያን ያህል አሸዋ በገዛ እጄ ማመላለሴ ቆጨኝ። ስትወጣ ፊቷ አብጧል። "ምን አልሻት?" አልኳት። "ሰላምታ ነው" አለችና ፀጉሬን ስትጎነጉንልኝ ቆይታ ሄደች። ያን ቀን የመጨረሻዋ እሷ ስለነበረች ካሴቷ ቴፑ ውስጥ እንዳለ ቀረ።

በማግሥቱ ቀትር ላይ፣ ከተማው ሁሉ በተኛበት ሰዓት፣ ጋሼም ሲያንኮራፉ፣ ጋቢናው ውስጥ ገባሁ። ካሴቱን ልሰማ አልነበረም፤ እሱ ነውር ነው። የእናቴ ድምፅ ከላይ ነው ያለው፣ ትናንት የገባ ነው፤ ዝም ብዬ ከጠበቅሁ ይሰማኛል ብዬ ነው። እንዳይወጣ በሩን ከውስጥ አጥብቄ ዘጋሁ። ወንበሩ ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ። ጠበቅሁ። የራሴ ልብ ሲመታ ሰማሁ፤ ሌላ የለም።

ሴቶቹ ሁሉ ከመጀመራቸው በፊት ቀዩን ቁልፍ እንደሚጫኑ ትዝ አለኝ። ድምፁን የሚቀሰቅሰው እሱ ይሆናል ብዬ ተጫንኩት። ከዚያ እናቴን ጠራኋት። በመጀመሪያ ቀስ ብዬ፣ እንዳላስደነግጣት። ትናንት እዚህ እንደነበረች አውቃለሁ አልኳት። የሆነ ነገር በይኝ፣ ለጋሼም ለሐዋም አልናገርም አልኳት። አልመለሰችም። ደሴ እንዳትልኪኝ አልኳት። መንገድ ስሻገር ግራና ቀኝ አያለሁ፤ ከእንግዲህ ጋሼን የምይዛቸው እኔ ነኝ፤ ዓርብ ብቻም ቢሆን ይበቃኛል አልኳት። ብዙ ተናገርኩ፤ ሙቀቱ እየከበደኝ ሄዶ ምን እንዳልኩ ሁሉ አላስታውስም። በሩን ልከፍት ብዬ እጄ እንደላላብኝ ብቻ ትዝ ይለኛል።

የነቃሁት ፊቴ ላይ ውኃ ሲፈስ ነው። ሐዋ ጭኗ ላይ አስተኝታኝ "ሆዮ፣ ሆዮ" ትላለች፤ በሶማሊኛ "እናቴ፣ እናቴ" እንደማለት ነው። ጋሼ ነቅተው ሲጠሩኝ ቢያጡኝ፣ ግቢውን በዳበሳ ዞረው ዞረው፣ በመጨረሻ ሸራውን ሲነኩት ከውስጥ ተወጥሮ ስላገኙት ነው የደረሱልኝ። ብጮህም ማንም አይሰማኝም ነበር፤ ሥራችን እንዲያ ጥሩ ነበር። ጋሼ መሬት ላይ ቁጭ ብለው ፊቴን ደጋግመው ይዳብሱ ነበር። እንደዚያ ሆነው አይቻቸው አላውቅም።

"ካሴቱን ሰማሽው?" አሉኝ ቆይተው።

"አልሰማሁም" አልኩ። እውነቴን ነው።

ሌላ አልጠየቁኝም። ቢላዋ አንሥተው፣ ያን ሁሉ ቀን የለፋንበትን ጋቢና ከአናቱ በኩል ሸራውን በጭብጥ ልክ ቀደዱት። ከዚያ ወዲህ ፍየሎቹ ትንሽ ትንሽ ይሰሙ ነበር፤ ሴቶቹም አጉረመረሙ። ጋሼ ግን "መታፈን ከመሰማት ይብሳል" ብለው ወሬውን ዘጉት። የእናቴን ካሴት ከቴፑ አውጥተው ሳይሰሙት አሸጉት፤ እሑድ ጠዋት ሾፌሩ ወሰደው። እኔ የተናገርኩት ሁሉ አብሮ መሄዱን ከእኛ መካከል ያወቀ አልነበረም።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። እናቴ በየዓርቡ ለጉዞዬ አንድ አንድ ነገር ይዛ ትመጣለች፤ ካልሲ፣ ነጠላ ጫማ፣ የማዳም ልጅ የጠበባትን ወፍራም ሹራብ። በዚያ ሐምሲን ሹራቡን አልብሳኝ ግራና ቀኝ አዙራ ታየኛለች። ሐዋ በበሩ ብቅ ብላ አይታኝ ሳቋ አልቆም ብሏት ተመለሰች። እናቴ ግን አልሳቀችም፤ እጅጌውን ሁለት ጊዜ አጥፋልኝ፣ "ታድጊበታለሽ" አለች። ታድጊበታለሽ ስትል እሷ ሳታየኝ እንደማድግ መናገሯ እንደሆነ ገባኝ። የዚያን ቀን ማልቀስ ፈልጌ ነበር፤ ሹራቡ በላብ ስለረጠበ ማንም አይለየውም ብዬ አለቀስኩ።

መልሱ የመጣው ከወር በላይ ቆይቶ፣ በአንድ ዓርብ ነው። እናቴ ካሴቱን ይዛ ገባች። ጋሼና እኔ ደጃፍ ተቀመጥን። ጋሼ መቁጠሪያ እንዳለው ሰው ጣታቸውን ያፍተለትላሉ። ብዙም ሳይቆይ ሸራው ተገልጦ እናቴ አንገቷን ብቻ አወጣች።

"ትርሲት፣ ነይ።"

ካሴት የሚሰማው የተላከለት ሰው ነው። ጋሼን አየኋቸው፤ "ከጠራችሽ ሂጂ" አሉ። እናቴ ወንበሩ ላይ ጎኗ ጠጋ አድርጋ አስቀመጠችኝ፤ ስፖንጁ ሞቆ ይሸታል፣ እሷም ትሸታለች። ካሴቱን ወደ ኋላ አጠነጠነችው። አንዲት የማላውቃት አሮጊት፣ ቀስ ብላ፣ እያሳላት መናገር ጀመረች።

"አስናቀች ልጄ፣ ካሴትሽ ደርሶኛል። አልጋውን አዘጋጅቼ፣ ልጅቱ ትምጣልኝ ልልሽ ነበር። አንቺ ተናግረሽ ስትጨርሺ አለቀ ብዬ ልዘጋው ስል የሕፃን ድምፅ መጣ። ቤቱን ዞሬ አየሁ፤ ማንም የለም። ለካ ከውስጥ ነው። 'እማዬ፣ ትናንት እዚህ ነበርሽ፣ የሆነ ነገር በይኝ' ትላለች። ደጋግማ ትጠራሻለች። ሦስት ቀን ደጋግሜ ሰማኋት።" አሳላት። "አብሽሪ ልጄ። ልጅቱን እንዳትልኪያት። እኔ አንቺን ልኬ አውቀዋለሁ። የሄድሽ ሰሞን እኔም ጓዳ ገብቼ፣ ሰው እንዳይሰማኝ በሩን ዘግቼ፣ እንዲሁ እጠራሽ ነበር።"

እናቴ ቴፑን አጠፋችው። አልተቆጣችኝም፤ ምን ብዬ እንደነበርም አልጠየቀችኝም። ሁለታችንም በላብ ተጠምቀን፣ እጇ እጄን ይዞ፣ ትንሽ ተቀመጥን። ከዚያ ሸራውን ገልጣ ወጣች፤ እኔም ተከተልኳት።

ጋሼ ወደ ኮቴያችን ዞሩ። "እህ፣ መቼ ትምጣ አለች?"

"አትሄድም" አለች እናቴ። "ለማዳም ነገ እነግራታለሁ። ወይ ተመላላሽ ታድርገኝ፣ ወይ ሌላ ሰው ትፈልግ።"

"ማን ነው እንዲህ ያለው?" አሉ ጋሼ።

እናቴ አፍንጫዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች። ለጋሼ እንዲያ ባለ ድምፅ ስትመልስ ሰምቻት አላውቅም፤ ከእኔ እኩያ ልጅ የወጣ ነበር የሚመስለው።

"እናቴ ናት" አለች። "እናቴ ናት ያለችኝ።"